ዓርብ ቀን ያልሠራው ካርታዬ

ካርታዬ ተሰቀለ!

ዛሬ ጠዋት ከሰልፍ ወደ ክፍል ስንገባ አየሁት። ከጥቁር ሰሌዳው በስተቀኝ፣ ከዓለም ካርታው ጎን፣ በአራት ሚስማር ተመትቶ ተሰቅሏል። ጭቃ የነካው ጥጉ እንኳ አልተቆረጠም። አጠገቤ የምትቀመጠው ጥሩወርቅ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «እዪልኝ እስቲ፣ አውሮፓና ሸማ ተራ ጎረቤት ሆኑ!» አለችኝ። ገና ሳንቀመጥ ዲሬክተራችን ገቡና ከመጪው ዓመት ጀምሮ የጂኦግራፊ ውጤት ግማሹ በወረቀት ፈተና፣ ግማሹ ደግሞ ተማሪው ሠርቶ በሚያሳየው ነገር እንደሚሰጥ ተናገሩ። እልል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ክፍል ውስጥ እልል አልኩ! ዲሬክተሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ያልሰሙ ለመምሰል ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ የሚገባችሁ ያቺን ዓርብ ስነግራችሁ ነው።

ስሜ አስካለ ይባላል። ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዕድሜዬ ከዚህ ከፍ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ደግሜያለሁ። አባቴ መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። ሰው ሁሉ ጋሽ ደምሴ ይለዋል፤ እኔ አባባ እለዋለሁ።

ሰነፍ ሆኜ አይደለም የደገምኩት። ማታ ማታ ያጠናሁትን ሁሉ ለእናቴ አነበንብላታለሁ፤ እሷም «ኧረ በቃሽ፣ ራሴን አዞርሽው» እስክትለኝ ድረስ። የፈተና ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። እጄ ይቀዘቅዛል፣ መዳፌን ያልበዋል፣ የማውቀው ነገር ሁሉ ተነሥቶ ይሄድብኛል። አንድ ጊዜ «ካርታ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መጥቶ ስሜን ብቻ ጽፌ ወረቀቱን መለስኩ።

አባባ በውጤቴ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርድ በተሰጠ ቁጥር ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሳለቅስ ይሰማል። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በሱቁ በኩል ሳልፍ ከመደርደሪያው ሥር አዲስ በርጩማ አየሁ። አባባ ከሚቀመጥበት ትንሽ አነስ ይላል። እንጨቱ ገና ይሸታል።

«የማን ነው?» አልኩት። የማን እንደሆነ ገብቶኛል።

«የአንቺ ነዋ፣ አስኩዬ» አለኝ፣ የያዘውን ነጠላ እያጠፈ። «ዘንድሮ ካለፍሽ እሰየው። ካላለፍሽ ግን ከመስከረም ጀምሮ እዚሁ አብረን እንቀመጣለን። ነጠላ ማጠፍ ትችያለሽ፤ ከደንበኛ ጋር መጨዋወቱንም ታውቂበታለሽ። እዚህ ማንም አይፈትንሽም።»

«መማር እፈልጋለሁ እኮ፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን ለቅሶሽን አልቻልኩትም፣ ልጄ። አንጀቴ አልቻለም።»

ያንን በርጩማ ጠላሁት። ለእኔ አዝኖ ያሠራው መሆኑን ሳስብ ደግሞ መጥላቴ ራሱ አስለቀሰኝ።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን እትዬ ዘነበች ናቸው። ዘንድሮ ነው ከደብረ ማርቆስ የመጡት። ገና ወጣት ናቸው፤ ከመርካቶ ሌባ እንዲጠነቀቁ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሮጡት። ከግቢው በር አልፈው አንዲትም ተራ አላዩም ነበር። እኚህ ሴትዮ አንድ ቀን ባዶ የፈተና ወረቀቴን ይዘው ከክፍል ወደ ውጭ ጠሩኝ።

«አስካለ፣ ባዶ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ወረቀቱ ሲያየኝ ይጠፋኛል» አልኳቸው። ሳቃቸው መጣ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ዋጡት። መሐረባቸውን ሰጡኝና፣

«አባትሽ የት ነው የሚሠሩት?» አሉኝ።

«ሸማ ተራ።»

«እኔ ሸማ ተራ የት እንደሆነ አላውቅም። ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቼ አባትሽ ሱቅ ድረስ የምሄድበት ካርታ ሥሪልኝ። በካርታሽ ብቻ ነው የምሄደው፤ ሰው አልጠይቅም። አንቺ ከኋላዬ ትከተይኛለሽ። ግን አንዲት ቃል አትተነፍሺም፤ በጣትሽም በዓይንሽም አትጠቁሚኝም። ከደረስኩ፣ ካርታ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ማለት ነው። እሱን ፈተናሽ አድርጌ እይዘዋለሁ።»

«ካልደረሱስ?»

«ካልደረስኩማ ሁለታችንም መርካቶ ውስጥ ጠፍተን እንቀራለን።»

ለሌሎቹም ልጆች የየራሳቸውን ሥራ ሰጧቸው። ጥሩወርቅ ከቆርቆሮ ጣሳ የዝናብ መለኪያ ሠራች። ዲሬክተሩ መጀመሪያ አልወደዱትም አሉ፤ «ፈተና ማለት ወረቀት ነው» ብለው ነበር። በኋላ ግን «እስቲ ለአንድ ጊዜ ይሞከር» ብለው ፈቀዱ።

ካርታዬን ማክሰኞና ረቡዕ ሠራሁት። ሁለቱንም ቀን ከትምህርት በኋላ መንገዱን እየተመላለስኩ አየሁት። እንደ አዲስ ስታዩት እኮ መንገድ ሌላ ነው! ስንት ጊዜ የረገጥኩት ድንጋይ ደረጃ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀመርኩ፤ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ በቀስት አሳየሁ። ምን አለሽ ተራ አጠገብ ስደርስ ግን ቸገረኝ። እዚያ ሰዎቹ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ምድጃ ሲሠሩ ከሩቅ ይሰማል እንጂ ከምንሄድበት መንገድ ላይ ሆኖ አይታይም። ስለዚህ ጆሮ ሣልኩ። ከካርታው ሥር ከምልክቶቹ መግለጫ ላይ «ጆሮ፦ የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ ወደ ቀኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ ጋሽ ከድር ሱቅ ነው። ጋሽ ከድር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በራቸው ላይ ቀይ የከፋይ ጨርቅ ይሰቅላሉ፣ ዓይን ይወጋል። ከዚያ የተሻለ ምልክት ከየት ይመጣል? በቀይ እርሳስ አድምቄ ቀባሁትና «ቀይ ከፋይ፦ ወደ ግራ» አልኩ። ከዚያ ትንሽ ሄዶ ሸማ ተራ ነው። መጨረሻ ላይ ነጠላ የሚያጥፍ ትንሽ ሰውዬ ሣልኩ።

የምንሄደው ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ዝናቡ ወረደና ለዓርብ ተላለፈ። እኔም «እሰይ፣ አንድ ቀን አገኘሁ» ብዬ ካርታዬን እንደገና አስዋብኩት። ዓርብ መሆኑን እያወቅሁ፣ ዓርብ መሆኑን አላሰብኩትም።

ለምሳ ስንለቀቅ ወጣን። እትዬ ዘነበች ቦርሳቸውን በብብታቸው አጥብቀው፣ ካርታውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ከፊት፤ እኔ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ ከኋላ። ጥርሴ ሥራ ካልያዘ አፌ እንደሚያመልጠኝ አውቃለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ይዘው ሄዱ። ደረጃዋ ጋ ሲደርሱ ካርታውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ ወረዱ። ልቤ ትርክክ አለ! አንድ ተሸካሚ ግማሽ ፎቅ የሚያህል ጭነት ይዞ ከኋላችን መጣና «ዞር! ዞር! ጭነት ነው!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ዘነበች ካርታቸውን እያነበቡ አልሰሙትም። «እመቤት፣ የፍቅር ደብዳቤውን ቤትዎ ሄደው አያነቡትም?» አላቸው። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ካርታውን አላጠፉትም።

ቀጥሎ ቆም አሉ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መዶሻ! ወደ እኔ ዞር ብለው የጆሮውን ሥዕል በጣታቸው መታ መታ አድርገው ፈገግ አሉና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ያኔ ነው አባባን ያሰብኩት። ቆሞ እንደሚጠብቀን፣ ምሳውንም እንዳልበላ አውቃለሁ። ጠዋት በሱቁ በኩል ሳልፍ በርጩማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከጋቢ ክምር ኋላ ሲከተው አይቼዋለሁ። ሊደብቅልኝ ፈልጎ ነው፤ የበርጩማው አንዱ እግር ግን ወጥቶ ይታያል።

ቀና ስል ጋሽ ከድር ሱቅ ደርሰናል። የቆርቆሮ በሩ ተዘግቷል። ቀይ ከፋይ የለም።

ጁምዓ! ጋሽ ከድር ከፋያቸውን አስገብተው፣ በራቸውን ዘግተው ሶላት ሄደዋል። ዓርብ ዓርብ እንደዚያ እንደሚያደርጉ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እትዬ ዘነበች ግን የተዘጋውን በር ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ ቀይ ነገር እየፈለጉ ቀጥ ብለው አለፉ።

ነጠላዬን በደንብ ነከስኩት። ጨው ጨው አለኝ፤ ለካ እያለቀስኩ ነው። «እትዬ ይመለሱ!» ብዬ ብጮህ ይደርሳሉ። ግን ያደረሳቸው እኔ እንጂ ካርታዬ አይሆንም።

እሳቸው ሄዱ፣ ሄዱ፣ አንድ ቤት በረንዳ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጥቶ አዩና ፊታቸው በራ። «አገኘሁት!» ብለው ወደ ግራ ታጠፉ። የገቡት ጭነት የሚራገፍበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ግንብ፤ ግራና ቀኝ አህዮች። አንዷ አህያ ካርታዬን ለማሽተት አፍንጫዋን ስትዘረጋ እትዬ ዘነበች ደንግጠው ለቀቁት፤ ጥጉ ጭቃ ላይ አረፈ።

አንሥተው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«አስካለ፣ የጠፋው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ካርታሽ?»

ነጠላዬን ከአፌ አወጣሁ። «እንድናገር ተፈቀደልኝ?»

«መንገዱን አትንገሪኝ። ስለ ካርታሽ ብቻ ንገሪኝ።»

«ካርታዬ ነው፣ እትዬ። ዛሬ ዓርብ ነው። የቀዩ ከፋይ ባለቤት ሶላት ሄደዋል። እኔ ማክሰኞ የሚሠራ ካርታ ነው የሠራሁት።» ከዚያም ድምፄ ተሰበረ። «ወደቅሁ።»

«ማነው ወደቅሽ ያለሽ?» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። «እኔ ገና አልደረስኩም እኮ። ምሳዬንም አልበላሁም። ካርታ የሠራ ሰው ካርታው ሲሳሳት ምን ያደርጋል? ቁጭ ብሎ ያለቅሳል?»

«…ያስተካክላል።»

ከቦርሳቸው እርሳስ አወጡ። ያን ሁሉ ጊዜ አጥብቀው ያቀፉትን ቦርሳ ከፍተው፣ በመርካቶ መሐል፣ እርሳሱን ሰጡኝ።

የፈተና ወረቀት እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። «ተሳሳትሽ» ብሎኝ ያውቃል፤ «አስተካክይ» ብሎኝ ግን አያውቅም።

ወረቀቱን የተራገፈ ጆንያ ላይ ዘርግቼ ማሰብ ጀመርኩ። ከጋሽ ከድር ሱቅ አካባቢ የማይዘጋ ምን አለ? ሥጋ ቤቱ? በጾም ይዘጋል። ማር ሻጯ? በማርያም ቀን አትመጣም። በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሰፊ? ዝናብ ካካፋ መኪናውን ተሸክሞ ይገባል። የሁሉንም በዓል፣ የሁሉንም ጾም፣ የሁሉንም ጠባይ በልቤ ዞርኩት። ከዚያ ድንገት መጣልኝ። ቦኖው! ከጋሽ ከድር ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እንስራውን ይዞ የሚሰለፍበት የውሃ ቧንቧ። ለጾም አይዘጋ፣ ለጁምዓ አይዘጋ። ውሃው ቢጠፋ እንኳ ቧንቧው የትም አይሄድም።

ከፋዩን ሰርዤ ቦኖውን ሣልኩ። ሣልኩና ቀና ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ። እጄ ሞቋል። መዳፌ ደርቋል።

«ጨረስኩ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አሉኝና ካርታውን ተቀብለው ሄዱ። እኔም ነጠላዬን መልሼ ነከስኩ።

መዶሻው እስከሚሰማበት ድረስ ተመለሱና ካርታውን ከዚያ ጀመሩ። እንስራ የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። እትዬ ዘነበች ሥዕሉን አዩ፣ ቧንቧውን አዩ፣ ወደ ግራ ታጠፉ። ነጭ በነጭ ሆነ፤ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ቡልኮው ከየበሩ ተንጠልጥሏል። ሸማ ተራ! በየሱቁ ፊት ቆም እያሉ ካርታዬ ላይ ያለውን ትንሽ ሰውዬ ሲፈልጉ፣ ሻጮቹ «ይግቡ፣ የኔ እመቤት!» «ጥበቡን ይዩት!» ይሏቸዋል። እሳቸው በጭንቅላታቸው እምቢ እያሉ አለፉ። ከዚያ ቆሙ።

አባባ ከደጁ ቆሟል። ታጥፎ ያላለቀ ነጠላ እንደ ያዘ ነው።

«ጋሽ ደምሴ እርስዎ ነዎት?» አሉት።

«ነኝ። ማን አመጣዎት፣ ወይዘሪት?»

«ልጅዎ።»

አባባ ከኋላቸው እኔን አየኝ። «እሷማ ከኋላ ናት። ከኋላ ሆና እንዴት ትመራለች?»

እትዬ ዘነበች ካርታውን ሰጡት። አባባ ፊደል ቆጥሯል፤ ግን መጀመሪያ ያነበበው በጣቱ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ አጥሩን፣ ደረጃውን፣ ጆሮውን፣ ቦኖውን ይዞ ቀስ እያለ መጣ፣ መጣ፣ ትንሹ ሰውዬ ላይ ደረሰ።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አፍንጫዬን አበዛሽው» አለ። ድምፁ ግን የሳቅ አልነበረም። ወደ እትዬ ዘነበች ዞረ። «እንግዲህ ይንገሩኝ። አለፈች ወይስ ወደቀች?»

እሳቸውም ሳይዋሹ ነገሩት። «መጀመሪያ የሰጠችኝ ካርታ አላደረሰኝም። እሱን እጽፈዋለሁ። ለምን እንዳላደረሰኝ ራሷ አውቃ አስተካከለችው፤ የተስተካከለውም አደረሰኝ። እሱንም እጽፈዋለሁ። እንደ እኔ እንደ እኔ አልፋለች፣ ጋሼ። ባታልፍ ኖሮ ይሄኔ ከአህዮች ጋር ነበርኩ።»

አባባ ወደ ውስጥ ገባ፣ የጋቢውን ክምር ገለጥ አደረገና በርጩማውን አወጣው። እኔን ሊያስቀምጥበት መሰለኝ። እሱ ግን በያዘው ነጠላ ጠርጎ ከደጁ አስቀመጠውና «ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል» አላቸው። ለሽያጭ የተዘጋጀ ነጠላ ነበር እኮ! ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ማታ ይዘሽው ትሄጃለሽ፣ አስኩ። እያጠናሽ መሬት ላይ መቀመጥ ብርድ ነው» አለኝ።

ጋሽ ከድር ከሶላት ሲመለሱ ሰዉ ከቦን አይተው መጡ። ካርታውን አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱና፣ «ምን አድርጌሽ ነው የሰረዝሽኝ? ከፋዬን አጥፍተሽ ውሃ ሣልሽበት?» አሉኝ።

«ዓርብ ስለሚዘጉ ነው፣ ጋሽ ከድር።»

«ታዲያ ‹ከዓርብ በስተቀር› ብለሽ ጻፊልኛ! ነጋዴ ነኝ እኮ!» አሉ። ሸማ ተራ ሳቀ። እኔም ከቦኖው አጠገብ ከፋያቸውን መልሼ ቀባሁና እንዳሉት ጻፍኩላቸው። አሁን ግድግዳው ላይ ብታዩት አለ።

የወረቀት ፈተና ቀረ አላልኳችሁም፤ አልቀረም። እኔም አሁን ብዙ አልጠላውም። ወረቀት ሲሰጠኝ ከፊቴ መንገዱን የማያውቅ፣ ማንንም የማይጠይቅ ሰው እንደሚሄድ አስባለሁ። «ይሄ ሰውዬ እንዳይጠፋብኝ» እላለሁ፣ እጄም ይሞቃል። መጻፍም የወደድኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ይኸው እናንተም እስካሁን የመጣችሁት እኔ በሠራሁት መንገድ ነው፤ እኔ ነጠላዬን ነክሼ ከኋላችሁ አለሁ። ከጠፋችሁ የጠፋው ጽሑፌ ነው፤ ንገሩኝ፣ አስተካክለዋለሁ።

አሁን የታዘዝኩትን መልእክት ላድርስ። እትዬ ዘነበች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ለሁሉም ክፍት ነው ብለዋል። ከየቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ ሥላችሁ ኑ፤ እሳቸው ይሄዱበታል። መርካቶን መፍራት ትተዋል፤ ቦርሳቸውንም በትከሻቸው ነው የሚያንጠለጥሉት። እናትና አባታችሁንም አምጡ። የእኔንም ካርታ ከግድግዳው ላይ ገልብጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ። አባባ፣ ሰው ሳይጠይቅ በካርታ ብቻ ሱቁ የደረሰ ሁሉ ሻይ አለው ብሏል።

በርጩማው ግን ቤት ገብቷል፤ የምትጠጡት ቆማችሁ ነው። ዓርብ ከመጣችሁ ደግሞ ከፋዩን አትጠብቁ። በቦኖው ታጠፉ።